ያልነካችው ኮምፒውተር

እናትየው የምትፈራው እሳት ነው። ሌባ አይደለም፣ በሽታ አይደለም፤ እሳት። ትንሹ ልጇ በልጅነቱ የአባቱን ሬዲዮ ፈታትቶ ሽቦውን መልሶ ግድግዳው ላይ ሲሰካው መጋረጃው ተቀጣጥሎ ነበር። ማንም አልሞተም። መጋረጃው ነደደ፣ የግድግዳው ቀለም ጠቆረ፣ በዚያው አበቃ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አፍንጫዋ ቤቱን እንደ ዘበኛ ይዞራል። ምድጃውን አጥፍታ ትወጣና በሩ ላይ ስትደርስ ትመለሳለች፤ ጠፍቶ ታገኘዋለች፤ ደግሞ ትመለሳለች።

"እማዬ፣ ምድጃው እጅ የለውም እኮ። ራሱን በራሱ አይለኩስም" ይላታል ትልቁ ልጇ።

ትልቁ ልጅ ቤት ውስጥ "አለቃ" ነው የሚባለው። ገና ጡት ሳይጥል ሰው ማዘዝ ስለሚወድ አባቱ ያወጣለት ስም ነው። ትንሹ "ሽቦ" ነው፤ እሱን ደግሞ ሰፈሩ ነው ያወጣለት። አንድም ቀጭን ስለሆነ፣ አንድም ከኪሱ ሽቦ ስለማይጠፋ። እናትየው ሁለቱንም ትወዳለች። አለቃን ስትወደው ትንሽ ትፈራዋለች፤ ሽቦን ስትወደው ትሰጋለታለች። ደግሞም ያንን መጋረጃ አልረሳችም። ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ሲሰበር ወይም ሲጠፋ ዓይኗ መጀመሪያ የሚዞረው ወደ ሽቦ ነው።

አባትየው ሲሞት የጥልፍ ሱቁን ለሁለቱ ነው የተወላቸው። ሱቁ የቤቱ የፊት ክፍል ነው፤ ከመኖሪያው ጋር በውስጥ በር ይገናኛል። መሃሉ ላይ አንድ ትልቅ የጥልፍ ማሽን ቆሟል፤ የትምህርት ቤት ዓርማ፣ የኮፍያ ጽሑፍ፣ የሥራ ልብስ ምልክት ይጠልፋል። ማሽኑ ጉልበቱ ገና ነው፤ የሠራው ፋብሪካ ግን ከተዘጋ ቆይቷል። እሱን የሚያዘው ፕሮግራም የሚነሳው ደግሞ በአንድ አሮጌ የኮምፒውተር ሲስተም ላይ ብቻ ነው፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው "ከእንግዲህ አንጠግነውም፣ ለሚደርስበትም አንጠየቅም" ብለው እጃቸውን የሰበሰቡበት ሲስተም። አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲጭኑት አሻፈረኝ ይላል።

ስለዚህ ሽቦ ኮምፒውተሩን በገዛ እጁ ገጣጠመው። ሳጥኑን ከአንዱ፣ ዋናውን ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን፣ ከሌላው፣ ማራገቢያውን ከሦስተኛው ሞቶ ከተጣለ ኮምፒውተር አመጣ። የጎደለውን የጎን ክዳን ከብስኩት ቆርቆሮ ቆርጦ ሠራለት፤ ቆርቆሮው ላይ እስካሁን የምትስቅ ልጅ ሥዕል አለች። አለቃ ኮምፒውተሩን "ሬሳው" ነው የሚለው።

"ከስንት ሬሳ የተሰፋ ነገር ነው። አንድ ቀን ተነስቶ ይበላናል።"

"እስከዚያው አንተ እየበላህበት ነው" ይለዋል ሽቦ፣ ቀና ሳይል።

ይህ ወንድማማች የሚቀልደው ቀልድ ይመስላል፤ አለቃ ግን እየቀለደ አልነበረም። ሱቁን ለብቻው ይፈልገው ነበር። ሽቦን ደንበኛ ዘንድ የሚያስወድደው ዝም ማለቱ፣ አለቃ ዘንድ የሚያስጠላው ደግሞ ያው ዝም ማለቱ ነው፤ ደንበኛ "ቀጭኑን ጥሩልኝ" ሲል አለቃ ጥርሱን ይነክሳል። አንድ እሑድ እናቱን ፊት ለፊት ጠየቃት።

"እማዬ፣ አንድ ጨርቅ በሁለት መቀስ አይቆረጥም። አንዳችን እንውጣ።"

"እኔ ቁሜ እያየሁ" አለች እናትየው፣ "ጥፋት ያልተገኘበት ልጅ ከዚህ ቤት አይወጣም።"

"ጥፋት ከተገኘበትስ?"

"ከተገኘበት ማንም አይነግረውም፣ እኔው ራሴ 'ሂድ' እለዋለሁ።"

አለቃ ፈገግ አለ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። እናትየው ግን ልጇ ተስማማ ብላ ደስ አላት፤ የዚያን ቀን ምሳውን እንኳ ጨምራ ነው ያወጣችለት።

እናትየው ዘንድሮ ፊደል እየቆጠረች ነው። በሰፈሩ ትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ ጎልማሶችን ያስተምራሉ፤ ደብተሯን፣ እርሳሷንና ላጲሷን በፌስታል ይዛ ትሄዳለች። የክፍሉ ግድግዳ ላይ ስለ እሳት አደጋ የሚናገር ማስታወቂያ ተለጥፏል። አንድ ቀን መምህርቷ "እስቲ እሱን ይሞክሩት" አለቻት። እናትየው ተነስታ በጣቷ እየተከተለች፣ አንዱን ፊደል ይዛ ሌላውን እየጎተተች አነበበች። "ከመተኛትዎ በፊት... ሶኬቶችን... ይንቀሉ።"

መጨረሻው ላይ ስትደርስ ላብ አጥምቋት ነበር። መምህርቷ አስጨበጨበችላት። ዕድሜዋን ሙሉ ጽሑፍ የሚናገረው ለሌላ ሰው ነበር፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሷ ተናገረ። ያውም አንቱ ብሎ። ያውም ስለምትፈራው ነገር። እንዴት አትታዘዘው?

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ራት ተበልቶ ልጆቹ ወደየክፍላቸው ሲገቡ፣ በውስጥ በር ወደ ሱቁ ትገባና ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ትነቅላለች። ጠዋት ከማንም ቀድማ ተነስታ መልሳ ትሰካቸዋለች። ለማንም አልተናገረችም። አለቃ ሰምቶ "አሁን ደግሞ ግድግዳውን ጀመረችው" ብሎ እንዳይስቅባት ነው።

ኮምፒውተሩን ግን አትነካውም። ሽቦ ገጣጥሞ የጨረሰ ዕለት "እማዬ፣ አደራሽን፣ እሱን ብቻ እንዳትነኪው" ብሏት ነበርና አቧራውን እንኳ አታራግፍለትም። ሶኬቱ ሌላ ነው። ሶኬቱ ያለው ግድግዳው ላይ ነው፤ ግድግዳው የቤቱ ነው፤ ቤቱ ደግሞ የሷ።

አንድ ቀን ጠዋት ሽቦ ኮምፒውተሩን ሲያስነሳው ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ነጫጭ ጽሑፍ ተደረደረበት፣ ብልጭ ብሎ ጠፋ፣ እንደገና ተነሳ፣ እንደገና ሰማያዊ።

"ምን ይላል?" አለች እናትየው በውስጥ በር ብቅ ብላ። ፊደሉ የምታውቀው ፊደል አልነበረም።

"ተውኝ ልረፍበት ይላል" አለ አለቃ፣ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ።

"ዲስኩን አላገኘሁትም ነው የሚለው" አለ ሽቦ። "ዲስኩ ግን ይኸው፣ ሲሽከረከር ይሰማኛል።"

ጠረጴዛው ሥር ገብቶ በጀርባው ተኛ። የብስኩቱን ቆርቆሮ ፈታ፣ አቧራውን በእፍታ አስነሳ፣ ገመዶቹን ነቅሎ መልሶ ሰካ። ራም የሚባለውን የማስታወሻ ሰሌዳ አውጥቶ ብርሃን ላይ ካየው በኋላ "እማዬ፣ ላጲስሽን እስቲ" አላት። ሮጣ አመጣችለት። የራሙን ቢጫ ጥርሶች በላጲሱ ሲፈትግ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ አየችው። የሷ ላጲስ ለኮምፒውተር መድኃኒት ሆነ ብላ ልቧ ሞቀ። ከዚያ ጽሑፍ ብቻ ወዳለበት ጥቁር ገጽ ገብቶ ብዙ ነገር አስተካከለ።

"ሁሉንም ረስቶታል" አለ። "ቀኑን እዩት። ስንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ቁጭ ብሏል። አባባ ገና አልሞተም።"

እናትየው ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች።

"እንግዲያማ ሬሳው ከኛ ይሻላል" አለ አለቃ። "እኛ ያላየነውን ያያል።"

ምሳ ሰዓት አካባቢ ኮምፒውተሩ ተነሳ። እናትየው ትምህርቷ ሄዳ ሳለ ሽቦ ለወንድሙ ነገሩን አስረዳው። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፤ ኮምፒውተሩ ኃይል ባጣ ጊዜ ቀኑንና ቅንብሩን የምታስታውስለት እሷ ናት። እሷ ሞታለች። ከሰፈሩ ሱቅ የገዛት ምትኳም መደርደሪያ ላይ ሞታ የቆየች ሆነች፤ ሌላ አዟል። "ግድግዳው ላይ ተሰክቶ እስካደረ ድረስ ግን ችግር የለም፤ ከዚያ ይመገባል። ብቻ ሱቁን ስትዘጋ ሶኬቱን እንዳትነቅልብኝ።"

"እኔ ምን ቆርጦኝ" አለ አለቃ። እውነቱንም ነበር። እሱ አልነቀለም።

በማግስቱ ጠዋት ስክሪኑ እንደገና ሰማያዊ ሆነ። ሽቦ በሆዱ ተኝቶ በመጀመሪያ ያየው ሶኬቱን ነበር። ተሰክቷል። እናቱ ንጋት ላይ መልሳ የሰካችው መሆኑን ከየት ይወቅ? ራሱን ያዘ። ሶኬቱ ካልተነቀለ ኮምፒውተሩ ሊረሳ አይችልም። ከረሳ ደግሞ ሕመሙ የባትሪ አይደለም፣ ማዘርቦርዱ ራሱ እየሞተ ነው ማለት ነው። ያንን ካሰበ በኋላ የሚፈልግበት ሁሉ የተሳሳተ ቦታ ሆነ። ራሙን ቀየረ። ኃይል ሰጪውን ፓወር ሰፕላይ ቀየረ። ገመዱን ቀየረ። ቅንብሩን መልሶ ሲያስተካክል ይነሳል፤ እሱ ግን ያስነሳው የቀየረው ዕቃ ይመስለዋል። አድሮ ይረሳል።

"እማዬ" አላት አንድ ቀን፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ "ማታ ማታ ኮምፒውተሩን የሚነካ ሰው አለ?"

"ማን ይነካዋል?"

"አንቺስ? ስታጸጂ ምናምን?"

"እኔ? ዓይኔን ግንባር ያድርገው! አንተ አትንኪ ካልከኝ ቀን ጀምሮ በልብሴ ጫፍ እንኳ አልነካሁትም።"

ሽቦ እናቱ ዋሽታ እንደማታውቅ ያውቃል። አልዋሸችም። በዚህ ሁሉ መሃል አለቃ የጥልፍ ክር እየጠቀለለ ነበር። ቀና ብሎ እናቱን አየ፣ ከዚያ ወንድሙን አየ፣ ክሩን መጠቅለል ቀጠለ።

በዚያው ሰሞን ትልቅ ሥራ መጣ። አንድ ሆስፒታል የሠራተኞቹን ልብስ በሙሉ ዓርማ እንዲጠለፍበት ላከ። ዓርማው የተጠላለፈ ነገር ነበር፤ ሽቦ ስፌቱን አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ሲስል ስንት ቀን አጎንብሶ ከርሟል። መረከቢያው ሰኞ ጠዋት ነው። አለቃ በራት ላይ ማንኪያውን አስቀመጠና ተናገረ።

"እማዬ፣ አንቺ ባለሽበት ይነገር። ይሄ ሥራ በሬሳው ምክንያት ከቀረ ጥፋቱ የማን ነው?"

እናትየው ሽቦን አየችው። ሽቦ ሰሃኑን አየ።

"የኔ ነው" አለ። "ኮምፒውተሩን የሠራሁት እኔ ነኝ።"

"ሰማሽ አይደል?"

"ሰምቻለሁ" አለች። "ግን አይቀርም። አይደል ልጄ? አይቀርም በለኝ።"

"አይቀርም፣ እማዬ።"

ከዚያ ወዲህ ለሽቦ ስትሰጋ ዋለች፣ ስትሰጋ አደረች። የሰጋች እናት ደግሞ የምታውቀውን ነገር አጥብቃ ትሠራለች። ምድጃውን ከበፊቱ የበለጠ ትመላለስበት ጀመር። ሶኬቶቹን ነቅላ ስታበቃ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳሰሰች "ይህን ልጅ አደራህን" ትላለች።

እሑድ አመሻሹ ላይ ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ እሱን ማለዳ ሊጠልፉት ነው። ሽቦ ዘዴ መጣለት። ኮምፒውተሩ የሚረሳው ጠፍቶ ሲያድር ነው፤ ካልጠፋ አይረሳም። ስለዚህ ሳይጠፋ ይደር። እየበራ ሳለም የሱቁን ዲዛይኖች በሙሉ፣ የሆስፒታሉን ጭምር፣ ወደ ሁለተኛ ዲስክ ይገልብጥ። ዲስኩ አርጅቶ መጮህ ጀምሮ ነበርና።

"ስክሪኑን ብቻ አጥፍቼዋለሁ" አለው ለወንድሙ። "ውስጡ እየሠራ ነው። ጠዋት ሁሉም ነገር በሁለት ቦታ ይሆናል። ከዚያ መሞት ካማረው ይሙት።"

"እሺ የኔ ጌታ" አለ አለቃ። ብዙ ጊዜ እንዲህ አይለውም።

ሽቦ ራቱን ሳይጨርስ ጠረጴዛው ላይ እንቅልፍ ጣለው። እናቱ ቀስቅሳ ወደ አልጋው ሰደደችው፤ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ አለበሰችው። ሰሃኖቹን አጠበችና ወደ ሱቁ ገባች።

ሱቁ ጨለማ ነው። የማሽኑን ሶኬት ነቀለች። የካውያውን ነቀለች። ወደ ኮምፒውተሩ ስትዞር ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ሳጥኑ ላይ ግን አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ትላለች። ውስጡም ጥዝዝዝ ይላል። እናትየው በአፍንጫዋ ጭስ ፈለገች። ልጄ ደክሞት ሳያጠፋው ተኛ፤ እንደ ሬዲዮው ሊሆን ነው፤ ዛሬ ያውም በዚህ ሁሉ የሰው ልብስ መሃል! ሳጥኑን አልነካችውም። እጇን ወደ ግድግዳው ዘርግታ ሶኬቱን መንጨቅ አድርጋ ነቀለችው።

ቀዩ መብራት ጠፋ። ውስጡ አንድ ጊዜ "ቀጭ" ብሎ ዝም አለ። "ተመስገን" አለች እናትየው። ልጇን ከእሳት ያዳነች መሰላት፤ እንቅልፍም እንዲህ ጣፍጧት አያውቅም።

ጠዋት ሶኬቱን መልሳ ሰካች። ሽቦ ገብቶ ስክሪኑን ሲያበራው ምንም የለም። ማስነሻውን ተጫነ። ዲስኩ "ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ" ይላል፣ እንደ ሰው ጥርስ። ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቀው ድምፅ ነበር። ሁለተኛውን ዲስክ በሌላ ኮምፒውተር ከፍቶ አየው፤ ግማሹ ተገልብጧል፣ የሆስፒታሉ ዓርማ ግን ከግማሹ ውስጥ የለም።

"ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር?" አለ።

"አልጠፋም" አለ አለቃ።

"እማዬ፣ መብራት ጠፍቶ ነበር?"

"አልጠፋም ልጄ። ሰሃን ሳጥብ ጭምር ነበር።"

"እንግዲያ ምን ሆነ?" አለ ሽቦ፣ ለኮምፒውተሩ ነው የሚናገረው። "ምን አደረግሁህ?"

የሆስፒታሉ ዕቃ ገዢ፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ ሴትዮ፣ ከሹፌራቸው ጋር መጡ። ሽቦን ሳጥኑን ፈትቶ ወለል ላይ ተንበርክኮ አገኙት። ዓርማውን እንደ አዲስ ለመሳል ቀናት እንደሚፈልግ አለቃ ራሱ ነገራቸው፤ ሳይለማመጥ፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ። ሴትዮዋ ያለቀውንም ያላለቀውንም ልብስ አስጭነው ሄዱ። በሩ ላይ "እንዲህ ዓይነት ዕቃ ይዞ ሰው ሥራ ይቀበላል?" አሉ። የብስኩቱ ቆርቆሮ ላይ ያለችው ልጅ ትስቃለች።

አለቃ በሩን ዘጋና ወደ እናቱ ዞረ። አልጮኸም።

"እማዬ። ያልሽውን በይ።"

"እስቲ ዛሬን እንኳ..."

"በገዛ አፍሽ ነው ያልሽው። እኔ አላልኩም። ወይስ ጥፋት የሚባለው የኔ ሲሆን ብቻ ነው?"

እናትየው ሽቦን አየችው። "ምንድን ነው ያደረግኸው?" አለችው። "ንገረኝ፣ አንድ ነገር በለኝና ልሟገትልህ።"

"አላውቅም፣ እማዬ።"

"ሳታጠፋው አይደል የተኛኸው? እየበራ አልነበረም?" ይህን ስትል መጋረጃው ፊቷ ላይ ነደደ። ያ ሁሉ ዓመት የታፈነ ፍርሃት ቁጣ ሆኖ ወጣ። "አሁንም እንደ ልጅነትህ! አሁንም ለኩሰህ ትተኛለህ!"

ሽቦ ቀና አለ። "እየበራ እንደነበር በምን አወቅሽ?"

መልሱ አፏ ጫፍ ላይ ነበር። "ቀዩን መብራት አየሁት" ልትል ነበር። አለቃ ግን ቀደማት።

"እኔ ነግሬያት ነው! አሁን ወሬ አታዙር። እማዬ፣ በይው።"

"ሂድ" አለችው።

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ትልቅ አልመሰላትም። የሚመለስ ነገር መስሏት ነበር። ሽቦ ግን እጁን በሱሪው ጠርጎ ተነሳ፣ ልብሱን በአንድ ሻንጣ ከተተ፣ ላጲሷን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላትና ወጣ። ሩቅ ከተማ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ሲሳፈር ያየው ሰው አለ። ስልኩ ዝግ ሆነ።

አለቃ አዲስ የጥልፍ ማሽን ከነኮምፒውተሩ ለማስገባት ብዙም አልቆየም። የሚገጥመው ባለሙያ ተጫዋች ሰው ነበር። አለቃ ለጉዳይ ወጥቶ ሳለ እናትየው ሻይ ይዛለት ገባች። ማዕዘኑ ላይ የተጣለውን ኮምፒውተርና የብስኩት ቆርቆሮ ክዳኑን ሲያይ ሳቀ።

"ይቺን የሠራ ሰው ጣቱ ይባረክ። ዲስኩን አየሁት፣ እማማ፤ የዕቃው አልነበረም ጥፋቱ። እየጻፈ ሳለ ነው ኃይል የተቋረጠበት። ሰው ሶኬቱን መንጭቆታል።"

"ሶኬቱን?"

"አዎ፣ ከግድግዳው ላይ። ለአሮጌ ዲስክ እኮ በእንቅልፉ እንደ ማነቅ ነው። ማታ ማታም ሲነቀልበት ኖሮ ይሆናል፤ ባትሪው ሞቷል፤ በነቀሉት ቁጥር ሁሉን ይረሳል። እንዲህ የሚያደርግ ልጅ አለ እንዴ ቤት ውስጥ?"

የሻይ ብርጭቆው ከእጇ አልወደቀም። አስቀመጠችው። "ልጅ የለም" አለች።

አለቃ ሲመለስ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

"እኔ ነኝ" አለችው። "ሶኬቱን የምነቅለው እኔ ነኝ። ወንድምህ ምንም አላደረገም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፣ ልጄ!"

አለቃ ጃኬቱን አወለቀ፣ ሚስማሩ ላይ ሰቀለ።

"አውቃለሁ" አለ።

"ምኑን ታውቃለህ?"

"ስትነቅይ አይቼሻለሁ። የስልክ ቻርጀሬን ልወስድ ስገባ። በጨለማ ግድግዳው ሥር ጎንበስ ብለሽ ሳይ ላስደነግጥሽ አልፈለግኩም።"

"መቼ?"

"ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ።"

"እሑድስ? እሑድ ማታስ?"

"እሑድም።"

እናትየው የበሩን መቃን ያዘች። "እያየኸኝ? እየሠራ መሆኑን እያወቅህ?"

"ሽቦ 'ሶኬቱን አትንቀል' ብሎኝ ነበር። አልነቀልኩም። 'አትንኩት' ብሎ ነበር። አልነካሁም። ንገሪኝ እስቲ፣ እኔ ምን አደረግኩ?" ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። "ደግሞስ 'ሂድ' ያለው ማነው? እኔ ነኝ?"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለች ሴት ምን ትመልሳለች?

በማግስቱ ሽቦ ስልኩን ከፈተ። ቁጥሩን ማንም ሳይረዳት፣ ራሷ አንብባ፣ ራሷ ደወለች። ከበስተኋላው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

"ልጄ፣ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ማታ ማታ ሶኬቱን እነቅለው ነበር። እሳት ፈርቼ። እሑድም እኔ ነኝ። ና፣ ተመለስ።"

የሄደ መስሏት "ሃሎ" አለች።

"ጠይቄሽ ነበር እኮ፣ እማዬ።"

"ኮምፒውተሩን ነካሽ ወይ ነው ያልከኝ። አልነካሁትማ! ግድግዳውን ነው እንጂ..."

ሽቦ ሳቀ። ድሮ ከሬዲዮ ውስጥ ድምፅ ሲያወጣ እንደሚስቀው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ አለቀበት።

"ልክ ነሽ" አለ። "እኔንም እንደዚያው ነው የነቀልሽኝ። ሳትነኪኝ።"

"አትበለኝ ልጄ። ና ብቻ። ለአለቃም ነግሬዋለሁ፣ እሱማ..."

"አለቃ ያውቅ ነበር?"

እናትየው ዋሽታ አታውቅም። "ያውቅ ነበር" አለች።

"ከሱ ጋር ነው እንግዲህ የምትኖሪው" አለ ሽቦ፣ ያለ ቁጣ፣ ለማያውቃት ሴትዮ እንደሚያዝን ሰው ሆኖ። "ምድጃውን አትርሺ።" ስልኩ ተዘጋ። ደግማ ስትደውል ዝግ ነው አለቻት ያቺ የስልክ ሴት።

አለቃ ከሱቁ ብቅ አለ። "ማነው? እሱ ነው? ምን አለሽ?"

"ምድጃውን አትርሺ አለኝ።"

"ይመለሳል?"

"አይመለስም።"

አለቃ የሽቦን ክፍል በር ገፋ አድርጎ አየው። አልጋው እንደተነጠፈ ነው፤ ብርድ ልብሱን ያነጠፈችው እሷ ናት።

"እንግዲያው ይሄን አልጋ እናውጣው። ለክር ማስቀመጫ ቦታ ጠቦኛል።" በራስጌው በኩል ገብቶ ጎንበስ አለ። "ነይ፣ አንቺ በግርጌው ያዢልኝ።"

እናትየው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሄደች፣ በግርጌው በኩል ቆመች፣ ያዘች።